የተማለበት ድንጋይ

ባለፈው ግንቦት ጎረቤቴ ከቤቴ ፊት ለፊት የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ሠራተኞቹ ጥቁሩን አፈር ጨርሰው ግራጫ ድንጋይ ላይ ደረሱ። ዶማው በነካው ቁጥር በስስ በስሱ እየተላጠ የሚወጣ ድንጋይ ነው። የወጣውን አምጥተው በራፌ ላይ ከመሩት። ሲመሽ ካፊያ ጣለበት፤ ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ጭቃ ጭቃ፣ ትንሽ ደግሞ የኩራዝ ጋዝ ጋዝ ይላል። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ልጆቼ አሟታል ብለው ደነገጡ፤ እኔም አዎ አሞኛል አልኩ። ስልሳ ዓመት አብሮኝ የኖረን ሽታ ለነሱ በየት በኩል ላስረዳ? በሃምሳዎቹ ፎገራ ላይ ልጅ የነበረ ሰው ግን ይገባው ይሆናል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ቤታችን ከወረታ ወደ ጣና በኩል፣ ርብ ወንዝ ሜዳው ላይ መንገዱን በሚያጣበት አካባቢ፣ አንዲት ጉብታ ላይ ነበር። ጉብታ ስላችሁ ተራራ እንዳይመስላችሁ፤ የተኛች ላም ጀርባ ነው የምታህለው። በበጋ ከእርሷ ላይ ሆነን ስናይ ሽምብራና ጓያ፣ ከዚያ ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ የሰው ሁሉ ከብት ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ውዴ የሽምብራ እሸት እየነጨን ኮምጣጣው ከንፈራችንን እስኪያቃጥለን እንበላ ነበር። ጥቁሩ መሬት ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በስንጥቁ ጠጠር እንጥልና ጆሯችንን መሬት ላይ ለጥፈን የት እንዳረፈ እናዳምጣለን። ውዴ ሁልጊዜ "አልደረሰም ገና" ትል ነበር፤ ጠጠሩ ካረፈ ቆይቶም ቢሆን።

ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው የእኛ አይደለም። ጉና ተራራ ላይ የዘነበው ሁሉ በርብና በጉማራ ወርዶ እኛ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሰኔ ሲጋመስ አጎቴ ደሴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከዓለም በር በላይ ካለው ደጋ ይወርድና እኛን ልጆቹን፣ እናታችንንና ከብቶቹን ይዞ ይወጣል። አባቴ የቀረውን ሰብስቦ ይከተለናል። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ እንመለሳለን። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚኖረው፤ ደጋ ዘመድ የሌለው ሰው ፎገራ ላይ ከብት አያረባም።

አባቴ ገሠሠ ይህን ነገር አይወደውም ነበር። አማቾቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሰው ምድጃ ዳር መቀመጥ፣ ትንሽ ጎርሶ ጠገብኩ ማለት፣ የሰው ልጅ ሲያለቅስ የራሱን ልጅ ዝም ማሰኘት አንገቱን ያስደፋው ነበር። ቤቱ ቤት እንዲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ጢስ የሚወጣበት ቤት እንዲሆን ነበር ምኞቱ። በልጅነቱ ለቅስና ትምህርት ተልኮ፣ ንባብ አውጥቶ ዜማ ሊጀምር ሲል አባቱ ሞቱበትና ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። መንደሩ ሲቀልድበት ግማሽ ቄስ ይለው ነበር። እሱም በግማሹ ይኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ጉብታው ላይ የእህል ጉድጓድ ቆፈረ። ጉድጓዱ ውሃ ካልገባው እህሉን ደጋ ድረስ መሸከም ይቀርለታል፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። ደረቱ ድረስ ሲገባ ያን ግራጫ ድንጋይ አገኘው። በዶማ ፈንቅሎ ሰፌድ የምታህል ጥፍጥፍ አወጣና ጠርዟን ቢመታት እንደ ብራና መጽሐፍ ለሁለት ተገለጠች። ያኔ ነው ያ ሽታ የወጣው። እኔና ውዴ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በደረታችን ተኝተን ነበርና አየነው። ውስጧ ዓሣ ነበር። አከርካሪው፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰደረው የጎን አጥንቱ፣ ለሁለት የተከፈለ ጅራቱ፣ የዓይኑ ጉድጓድ ሳይቀር። ከሆዱ ሥር ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት ዛጎሎች ተጣብቀዋል። አባቴ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አለ። ብዙ ከቆየ በኋላ እናቴን "ተዋበች፣ ነይ እስቲ" ብሎ ጠራት።

የነፍስ አባታችን አባ ወልዴ ተጠርተው መጡ። ድንጋዩን በመስቀላቸው ባረኩትና ይህ የጥፋት ውሃ ምስክር ነው አሉ። ከዚህ ያለፈ አልተናገሩም፤ የቀረውን አባቴ ራሱ ጨመረበት። አምላክ ከጥፋት ውሃ በኋላ ምድርን ዳግመኛ በውሃ ላያጠፋ ምሏል፣ ለመሐላውም የማርያም መቀነትን በደመና ላይ አስሯል። ታዲያ ያ ውሃ ዓሣውን አስቀምጦ የሄደው ከዚህች ጉብታ ላይ ከሆነ፣ ይህች መሬት የተማለላት መሬት ናት። ሜዳው ይጥለቅለቅ እንጂ ውሃው ወደዚህ አይወጣም። ይህን መጀመሪያ ለእናቴ ነገራት፣ ቀጥሎ ለጎረቤት፣ ከዚያ ወረታ ገበያ ላይ ላገኘው ሁሉ። ግማሽ ቄስ የነበረው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሙሉ ቄስ ሆነ። ሰው ከሐሙሲት ድረስ ድንጋዩን ሊያይ ይመጣ ነበር፤ አንዳንዱም ይሳለመዋል። ሁዳዴ ሲገባ ሴቶቹ እናቴን፣ ባልሽ በጾም ዓሣ ደጅ ላይ አስቀምጦ እንዴት ይሆናል እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እናቴም ትስቅ ነበር። ያን በጋ ከቤታችን ሳቅ አልጠፋም፤ አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ድንጋዩ ከደጃፋችን በስተቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አራት ዓመት አልፏት አምስት ያልሞላት ውዴ የራሷ ከብት አደረገችው። ድንጋዩ ሲደርቅ ዓሣው ይደበዝዛል፤ ውሃ ሲነካው ጠቁሮ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እሷም ይህን አወቀችና ጠዋት ጠዋት በቅል ውሃ እየቀዳች "ጠማው" እያለች ታጠጣዋለች። አባቴ ድንጋዩ በውሃው እየተላጠ መሆኑን አይቶ ተቆጣት፤ ከጠርዙ ስስ ስስ ቅርፊት መውደቅ ጀምሮ ነበር። እሷ ግን ዞር ሲል ታጠጣለች።

ሰኔ ተጋመሰ፣ አጎቴ ደሴ እንደ ልማዱ መጣ። አባቴ ጠላ አስቀረበለትና ዘንድሮ የሚወጣ ሰው እንደሌለ ነገረው። ደሴ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ድንጋዩን አየ፣ ወዲያ ወዲህ ዞሮ አየው። ለረጅም ጊዜ ሊያግባባው ሞከረ፤ አባቴ ለእያንዳንዱ ቃል የተማረውን ጠቅሶ ይመልስለታል። በመጨረሻ ደሴ ተነሣ።

"ገሠሠ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ አልከራከርህም። ልጆቹን ብቻ ስጠኝ። አንተ ከነዓሣህ ቅር።"

"ልጆቼን ከሰጠሁህማ አላመንኩም ማለት ነው" አለ አባቴ። "ውሃው እዚህ ደርሶ ተመልሷል ደሴ። ሁለተኛ አይመጣም። ተምሎበታል እኮ።"

አጎቴ እናቴን ቀና ብሎ አያት። እናቴ መሬት መሬት አየች። በባሏ ፊት ለወንድሟ ብታደላ ምን እንደሚባል ታውቃለች፤ ደግሞም፣ ይህን በኋላ ነው የነገረችኝ፣ ከልቧ እውነት እንዲሆን ፈልጋ ነበር። እሷም የሰው ምድጃ ሰልችቷት ነበር። ደሴ ሁለት ጥጆች ብቻ ይዞ ወጣ። ውዴ ጉብታው ጫፍ ድረስ ሸኘችው።

ሐምሌ በሰላም አለፈ። ውሃው ሜዳውን ሞልቶ ከጉብታው እግር ሥር ተኛ፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት ይወርድና አይቶት ፈገግ ብሎ ይመለሳል። ነሐሴ ሲጋመስ ጉና ላይ ደመናው ለቀናት ሳይገፈፍ ሰነበተ። እኛ ዘንድ ግን ጠብታ የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ጣና ዘቅዘቅ ስትል በጉና በኩል የማርያም መቀነት ወጣ። ከዳር እስከ ዳር፣ ያን የመሰለ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም። አባቴ እናቴን ከቤት እጇን ይዞ አወጣት። "አየሽው? መሐላው ይኸውልሽ" አላት። እናቴ ግን ሰማዩን አላየችም። ታች ሣሩ መካከል አዲስ ውሃ፣ ገለባና አረፋ ያዘለ፣ ቀስ እያለ ሲገባ እያየች ነበር። "ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ" አለች፤ ሁላችንም የምናውቀውን አባባል።

አሁን የማውቀውን ያኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መቀነቱ የታሰረበት ደመና ራሱ ነበር ወደኛ የሚመጣው። ዝናቡ እዚያ ነበር፣ መንገዱም ወደ እኛ ነበር።

ውሃው የእህሉን ጉድጓድ ሞላ፣ አጥሩን አለፈ። አባቴ ድንጋዩ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ከዚህ አያልፍም አለ፤ ለእኛ ይሁን ለውሃው እንጃ። ውሃው እግሮቹ ላይ ወጣ፣ ቀጥሎ የድንጋዩን ግርጌ ነካ፣ ከዚያ ዓሣው ጋ ደረሰ። ደጃፉ ላይ የቆመችው ውዴ እያጨበጨበች ሳቀች።

"አባዬ፣ ጠጣ! ዓሣው ጠጣ!"

ያኔ ነው አባቴ የነቃው። ውዴን አፈፍ አድርጎ ቤት ውስጥ ቆጡ ላይ አወጣት፤ ቆጡ ከሰው ቁመት በላይ የተሠራ የእንጨት መኝታ ነው፣ ውሃ ድንገት ቢመጣ ልጅና እህል የሚሰቀለው እዚያ ነው። አትውረጂ አላት። እኔንና እናቴን ከጉብታው አናት ላይ ካለችው የባምባ ዛፍ ጋር በመጫኛ አሰረንና የታሰሩትን ከብቶች ሊፈታ ሮጠ። ላሞቹ እየዋኙ ወጡ። የፎገራ ላም ውሃ ያውቃል። እሱ ለውዴ ሲመለስ የቤቱ የወንዝ በኩል ግድግዳ ጭቃው ሟሙቶ ወደቀ፣ ክዳኑም ከነማገሩና ከነቆጡ ተነሥቶ ተንሳፈፈ። አባቴ ክዳኑን ተከትሎ ዋኘ። ከዛፉ ላይ ሆነን እናየዋለን፤ የክዳኑን ሣር ይይዛል፣ ይነቀልበታል፣ እንደገና ይይዛል። እናቴ አልጮኸችም። የውዴን ስም ብቻ ትጠራ ነበር፣ ለምሳ እንደምትጠራት ዓይነት።

በነጋታው በታንኳ የመጡ ሰዎች አባቴን ከሩቅ አንድ ግራር ላይ አወረዱት፤ እኛንም ከባምባው ፈቱን። ክዳኑ ጣና ዳር ቄጠማ ውስጥ ተገኘ። ባዶውን ነበር።

ውሃው በመስከረም ሲሸሽ ሜዳው ላይ ለስላሳ አዲስ ጭቃ ለቆ ሄደ፤ እንደተለቀለቀ ወለል። አባቴ ሹል እንጨት ይዞ ያን ጭቃ እየወጋ፣ እያጎነበሰ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳውን ይዞር ነበር። ሰው መጀመሪያ አብሮት ፈለገ፣ ከዚያ ተወ፣ ቀጥሎም "በቃ ተወው" ይሉት ጀመር። አላገኛትም። ማንም አላገኛትም። ድንጋዩ ግን ካቆመው ቦታ አልተነቃነቀም፤ ታጥቦ፣ ዓሣው ከነጅራቱ ቁልጭ ብሎ ጠበቀን። መስከረም ፀሐይ ሲያገኘው ተሰነጣጠቀ፣ በየቀኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተገፈፈ ወደቀ፣ ጥቅምት ላይ አንድ እፍኝ ግራጫ ፍርፋሪ ሆነ። ምስክሩ ራሱ ውሃ የማይችል ነበር።

ለቅሶ ላይ ሰው እንደ ደንቡ እግዜር ያውቃል፣ የሱ ፈቃድ ነው እያለ ያጽናናል። አባ ወልዴ ቆባቸውን ዝቅ አድርገው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ድንገት ቀና አለ። "ምድርን ሁሉ አላጠፋም ነው ያለው" አለ። "የገሠሠን ቤት አላለም።" ከዚያ ቀን በኋላ ግማሽ ቄስ ያለው ሰው የለም፤ ምልክት ማሳየትም፣ መጥቀስም ተወ። እናቴ ደግሞ የማርያም መቀነት በወጣ ቁጥር ገብታ በር ትዘጋለች።

ወረታ ገባን። እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የጨውና የጨርቅ ነጋዴ ጓዳቸውን ለቀቁልን፤ የሰው ቤት ሦስት ወር መቀመጥ የከበደው አባቴ ቀሪ ዕድሜውን እዚያው የሰው ቤት ኖረ። ገበያ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። ውሃው እህቴን ወስዶ ለእኔ ደብተር ሰጠኝ፤ ይህን ስጽፈው እንኳ ያስጠላኛል።

ስድስተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ መስመር በመስመር ላይ እየደረበ ሣለ። ጥንት፣ ሰው የሚባል ፍጥረት ሳይኖር፣ ባሕርና ሐይቅ ብዙ ቦታ ይሸፍን ነበር አለ። ዓሣው ይሞታል፣ ጭቃ ይለብሳል፣ በዚያ ላይ ሌላ ጭቃ፣ በዚያ ላይ ሌላ። ጭቃው ድንጋይ ይሆናል፣ ዓሣውም ውስጡ ይቀራል። ልጆቹ ሁሉ ይስቁ ነበር፣ ዓሣ ድንጋይ ውስጥ ምን ሊሠራ ብለው። እኔ ግን ዓሣውን አላሰብኩም። በመስከረም ሜዳው ላይ የተነጠፈውን ለስላሳ ጭቃ አሰብኩ። ከዚያ ወዲያ የተናገረውን አልሰማሁም።

አባቴ ሊሞት ሰሞን መደቡ ላይ ተኝቶ ሳለ ጠራኝ። እኔ ያኔ አስተማሪ ልሆን ስማር ነበር።

"አንቺ ተምረሻል። ያ ዓሣ የምን ውሃ ነበር?"

አስተማሪው ያስተማረንን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

"የጥፋት ውሃ አይደለማ?"

"አይደለም አባዬ።"

"ያኔ የሚያየው ሰውም አልነበረም?"

"ማንም አልነበረም።"

"እንግዲያ ለእኔ የተላከ አልነበረም በይኛ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መልእክቱን አሳስቶ አነበብኩት ብሎ ያን ያህል ዓመት ሲቃጠል የኖረ ሰው፣ መልእክት የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ሰማ። የትኛው እንደሚብስ እኔ አላውቅም። እሱ አልነገረኝም።

አሁን ፎገራ ሩዝ ነው። እኛ የምንሸሸውን ውሃ ዛሬ ገበሬው ቦይ ቀዶ ይጋብዘዋል፤ እንዳይቀርብን እያለም ይጸልይለታል። ሰኔ ሲጋመስ ወደ ደጋ የሚወጣ ከብት፣ የሚወርድ አጎት የለም። ጉብታችን ታርሳለች፣ የት እንደነበረች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ባለፈው ስሄድ ተምታታብኝ። የልጅ ልጆቼ ሩዙን ሲበሉ ደስ ይለኛል፣ አብሬም እበላለሁ። ከየትኛው ጭቃ እንደበቀለ ግን አልነገርኳቸውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳው ላይ አንድ የጭቃ ድርብ ይነጠፋል፣ ሰውም አፈራችን ዘንድሮ ለማ ይላል። እኔ ከውዴ በላይ ሌላ ልብስ እንደተደረበ ነው የምቆጥረው። ሕፃን ሲተኛ ይሸፍኑት የለ? እሷ ግን ገላጭ የላትም።

ያን በራፌ ላይ የተከመረ ድንጋይ ሊጭኑት ሲመጡ ወጣሁ። አንዱን ስስ ጥፍጥፍ አንሥቼ በጥፍሬ ለሁለት ገለጥኩት፤ በጣሳም ውሃ አፈሰስኩበት። ጠቆረ። ምንም አልነበረበትም። ሠራተኞቹ የጃጀች አሮጊት ነች ብለው መሰለኝ ተያዩ።

አንድ ቀን፣ እኛ ሁላችን ሳንኖር፣ ምናልባት ሰው የሚባለውም ሳይኖር፣ ያ ሜዳ ድንጋይ ሆኖ አንድ ፍጡር ይሰነጥቀው ይሆናል። ትንንሽ አጥንት ያገኛል። ዙሪያውን እየዞረ ምን ማለት ይሆን ይላል። የሚሰማኝ ቢሆን አንድ ነገር ብቻ እለምነው ነበር፤ ምንም እንዳያነብባት። ምልክት አይደለችም። ለማንም የተላከች አይደለችም። ውዴ ነች፣ የገሠሠና የተዋበች ልጅ፣ ዓሣ ጠማው ብላ ውሃ ታጠጣ የነበረች።